ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማደሪያ፤ ለማን እንደሚገባና ለማን እንደማይገባ

በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ከተነገረና የተማሪዎች ምደባ ከታወቀ በኋላ፤ በየወረዳውና በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ወላጆችና ልጆች ተሰልፈው ይታያሉ። አንዱ የነዋሪነት ማስረጃ፣ ሌላው የችግረኝነት ደብዳቤ፣ ሦስተኛው የጠፋ መታወቂያ ምትክ ይጠይቃል። ከነዚህ ወረቀቶች ብዙዎቹ የሚጻፉት ስለ አንድ አልጋ ነው። ልጅ ተምሮ ሰው ይሆን ዘንድ ከወላጆቹ ቤት ሲርቅ፤ ማታ ጎኑን የሚያሳርፍበት ስፍራ ያሻዋልና።

ይሁን እንጂ ስለ ማደሪያው ሥርዓት በሕዝቡ ዘንድ ያለው ዕውቀት ጥቂት ስለ ሆነ፤ አንዳንዱ ወላጅ የማይገባውን ሲጠብቅ፣ ሌላው ደግሞ የሚገባውን ሳይጠይቅ ሲቀር ይታያል። ደብዳቤውን የሚፈርመው ሹምም ቢሆን ወረቀቱ ከእጁ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚሠራበት ሁልጊዜ አያውቅም። ስለዚህ ሥርዓቱን ከመሠረቱ ጀምሮ መግለጽ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ በዩኒቨርሲቲ የትምህርት ቦታ ማግኘትና የማደሪያ አልጋ ማግኘት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ተማሪዎች «ዶርም» የሚሉት ማደሪያ፤ በትምህርቱ ላይ ተጨምሮ፣ በተወሰነ ምክንያት፣ ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። ነፃ ስጦታም አይደለም።

ሥርዓቱ ከየት እንደ መጣ

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ሲጀምር የተማሪዎቹ ቁጥር 33 ብቻ ነበረ። በዚያን ጊዜ ከጠቅላይ ግዛቶች ተመርጦ የሚመጣው ወጣት በአዲስ አበባ ዘመድም ገንዘብም ስለሌለው፤ ኮሌጁ ምግቡንም መኝታውንም ይሰጠው ነበር። ተማሪው ጥቂት ስለ ነበረ ለማን ይሰጥ፣ ለማን ይከልከል የሚል ጥያቄ ብዙ አያስቸግርም ነበር።

በታኅሣሥ ወር 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረትና የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ሲሰጥ፤ የተማሪው ቁጥር እየጨመረ ሄደ። ቁጥሩ ሲጨምር ሁሉን በግቢ ውስጥ ማሳደር ከባድ ሆነ። በ1950ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የአዳሪነቱ ሥርዓት እንዲቀርና ተማሪው የገንዘብ ድጋፍ እየተሰጠው በከተማ ተከራይቶ እንዲማር የተወሰነውም በዚሁ ዘመን ነው። ውሳኔው በተማሪዎች ዘንድ ትልቅ ቅሬታ አስነሥቷል። ምክንያቱም በከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቅ ገዝቶ፣ በእግር ተመላልሶ መማር፤ በግቢ ውስጥ አድሮ ከመማር ጋር እኩል አልነበረም።

ከከተማ ርቀው በተሠሩት ኮሌጆች ግን ነገሩ ከመጀመሪያው የተለየ ነበር። ለምሳሌ ያህል በሐረርና በድሬዳዋ መካከል በእርሻ መሬት ላይ የተመሠረተው የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ፤ በዙሪያው ለብዙ ተማሪ የሚሆን የኪራይ ቤት ስላልነበረ፣ መማሪያና ማደሪያ አንድ ላይ ካልሆኑ ትምህርት ሊካሄድ አይችልም ነበር። እንግዲህ ማደሪያ የሚሰጥበት ምክንያት ከጥንቱም ሁለት ነው፤ አንደኛው የተማሪው ቤት ሩቅ መሆኑ፣ ሁለተኛው ተማሪው በራሱ ወጪ በአካባቢው ሊኖር አለመቻሉ ነው። ዛሬ ያለውም ደንብ በብዙ ቃል ቢጻፍ በነዚሁ በሁለቱ ላይ የቆመ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነው በየክልሉ ተሠርተዋል። የምደባው ሥርዓት የአንዱን ክልል ልጅ ወደ ሌላው ክልል ስለሚልክ፤ የጋምቤላው ወደ ደብረ ማርቆስ፣ የወሎው ወደ አርባ ምንጭ፣ የባሌው ወደ ጎንደር ሊሄድ ይችላል። ወላጅ ልጁን ወደማያውቀው አገር የሚልከው መንግሥት መድቦት ስለ ሆነ፤ ማደሪያው ከምደባው ጋር የተሳሰረ ሆኖ ይገኛል።

አልጋ የሚገባው ማን ነው?

ዝርዝሩ በያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የሴኔት ሕግና በተማሪዎች መመሪያ ይወሰናል። የከፍተኛ ትምህርት ዐዋጅ ቁጥር 1152/2011 ጠቅላላውን መሠረት ያስቀምጣል እንጂ፤ ስንት አልጋ ለማን ይሰጥ የሚለውን አይቆጥርም። ስለዚህ በአንዱ ግቢ የሚፈቀደው በሌላው ላይፈቀድ ይችላል። ቢሆንም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተለመዱት ዋና ዋና ሁኔታዎች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፤ ተማሪው በመንግሥት ምደባ የተላከ የመደበኛ ትምህርት ተማሪ መሆን አለበት። መደበኛ ማለት በቀኑ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ትምህርቱን የሚከታተል ማለት ነው።

2ኛ፤ ለትምህርት ዘመኑ በተጠራበት ቀን ቀርቦ የተመዘገበ መሆን አለበት። ስሙ በምደባ ዝርዝር ላይ መገኘቱ ብቻ አልጋ አያሰጥም፤ አልጋ የሚሰጠው ለተመዘገበ ተማሪ ነው።

3ኛ፤ የወጪ መጋራት ውል የፈረመ መሆን አለበት። ስለዚህ ውል ከዚህ በታች ይገለጻል።

4ኛ፤ በትምህርት ውጤቱ ያልተሰናበተ፣ በዲሲፕሊን ቅጣት ከማደሪያ ያልታገደ መሆን አለበት።

ማደሪያ በተለመደው ሥርዓት የማይሰጣቸው ደግሞ የማታና የቅዳሜና እሑድ ተማሪዎች፣ በርቀት የሚማሩ፣ እንዲሁም በግል ከፍለው የሚማሩ ናቸው። ለነዚህ በአንዳንድ ግቢ ትርፍ ክፍል ሲገኝ በክፍያ ሊፈቀድላቸው ይችላል፤ ይህ ግን በፈቃድ የሚሆን እንጂ በመብት የሚጠየቅ አይደለም። ወላጅ ልጁን በማታ ትምህርት ካስመዘገበ በኋላ «መንግሥት አልጋ ነሣኝ» ብሎ ቢያማርር ቅሬታው ሥፍራ አያገኝም።

በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዐዋጅ ቁጥር 1294/2015 ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ የሚቋቋምበትን ሕግ ከደነገገ ወዲህ፤ ይህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚቀበልበትንና ክፍያ የሚያስከፍልበትን ሥርዓት በራሱ የመወሰን ሥልጣን አግኝቷል። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ ወላጅ፤ ታላቅ ወንድሙ ወይም ጎረቤቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያገኘውን አገልግሎት ሳይሆን፣ ዩኒቨርሲቲው ለዚያው ዓመት ያወጣውን ማስታወቂያ ማየት ይገባዋል።

ስለ ውሉና ስለ ዕዳው

በ1995 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 91 የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራትን ሥርዓት ደነገገ። የደንቡ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ለመንግሥት ይመልሳል። በሚማርበት ጊዜ ከኪሱ ስለማይከፍል ብዙዎች በነፃ የሚሰጥ ይመስላቸዋል። ነገር ግን የሚበላው እንጀራና የሚተኛበት አልጋ በየዓመቱ በስሙ ይጻፍበታል።

በዚህ ምክንያት የውሉ ቅጽ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ቅጹ ተማሪው አገልግሎቱን በዓይነት ወይም በገንዘብ እንዲመርጥ ይጠይቀዋል፤ ምግብ ብቻ፣ መኝታ ብቻ፣ ወይም ምግብና መኝታ ብሎ ይለያል። በዓይነት ማለት በግቢው ውስጥ መብላትና ማደር ነው። በገንዘብ ማለት ደግሞ የምግቡን ወይም የመኝታውን ዋጋ በየወሩ ተቀብሎ በራሱ መንገድ መኖር ነው፤ በገንዘብ ተቀብለው ከግቢው ምግብ ቤት ውጭ የሚመገቡትን ተማሪዎች «ነን ካፌ» ይሏቸዋል። ገንዘቡንም ቢቀበል፣ አልጋውንም ቢወስድ፤ ሁለቱም በዕዳ መዝገብ ላይ ይሰፍራሉ።

የገንዘቡን መጠን ለመረዳት ያህል፤ በ2017 ዓ.ም. ለአንድ ተማሪ በቀን የተመደበው የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። 100 ብር በቀን ማለት በ30 ቀን 3,000 ብር ማለት ነው። ወላጅ ልጁ የፈረመውን ውል ቅጂ ወስዶ በቤቱ ማስቀመጥ የሚገባው ስለዚህ ነው። ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ሰነድ ለማውጣት ወይም ዕዳውን ለማጣራት ሲፈለግ፤ ያ አንድ ወረቀት ብዙ ድካም ያስቀራል።

ከዚህም ሌላ አንድ ስሕተት ዘወትር ይደርሳል። ከዘመድ ቤት ለመኖር ያሰበ ተማሪ በግዴለሽነት «ምግብና መኝታ በዓይነት» በሚለው ላይ ይፈርምና አልጋውን ሳይተኛበት ይቀራል። አልጋው ባዶ ሆኖ ሲውል ዕዳው በእርሱ ላይ ይቆጠራል፤ ሌላው ችግረኛ ደግሞ ቦታ የለም ተብሎ ይመለሳል። አንዲት የቅጽ ላይ ምልክት ሁለት ሰው ትጎዳለች።

ዩኒቨርሲቲው ያለበት ከተማ ልጆች ጉዳይ

ብዙ ክርክር የሚነሣው በዚህ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ወላጆቹ የሚኖሩ ተማሪ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቢመደብ፤ አልጋ ይገባዋል ወይስ ከቤቱ እየተመላለሰ ይማር?

አልጋ በበቃበት ግቢ ጥያቄው አይነሣም። ባልበቃበት ግን ዩኒቨርሲቲዎች ቅድሚያ የሚሰጡት ከሩቅ ለመጣው ነው። በአዲስ አበባ የከተማይቱ ልጆች ከወላጆቻቸው ቤት እየተመላለሱ መማራቸው የቆየ ነገር ነው። ይህ የከተማውን ልጅ ለመጉዳት የታሰበ አይደለም፤ የማደሪያው መጀመሪያ ምክንያት የቤት መራቅ ስለ ሆነ እንጂ። የከተማው ልጅ ከግቢው ወጥቶ የሚገባበት በር አለው፤ ከሩቅ የመጣው ግን የለውም።

የሆነ ሆኖ ቤት አለ ማለት ሁልጊዜ ለመማር የሚመች ቤት አለ ማለት አይደለም። ወላጆቹ የሞቱበት፣ በአንዲት ክፍል ስምንትና ዘጠኝ ሆነው የሚያድሩበት፣ ወይም ሌሊት መጓዝ የሚያስፈራበት ሰፈር የሚኖር ተማሪ አለ። እንዲህ ያለው ተማሪ ጉዳዩን ለተማሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ሊያቀርብ ይችላል፤ ጽሕፈት ቤቱም አብዛኛውን ጊዜ ከቀበሌ ማስረጃ ይጠይቃል። የቀበሌው ቃል ክብደት የሚኖረው እዚህ ላይ ነው።

በጎረቤት አገርም ይኸው ችግር በሌላ መንገድ ተይዟል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1922 በካምፓላ የተመሠረተው የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ፤ ተማሪውን ሁሉ ከማደሪያ ቤቶቹ በአንዱ ስም ይመዘግበዋል። ከነዚህ መካከል ግን በውስጡ የሚያድሩት ከፊሎቹ ናቸው፤ የቀሩት በስም የማደሪያው አባል ሆነው በከተማ ይኖራሉ። የግል ከፋይ ተማሪዎች እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ በብዛት መግባት ከጀመሩ ወዲህ፤ በአባልነትና በነዋሪነት መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ግልጽ ሆኗል። በዚያም በዚህም ነገሩ አንድ ነው፤ የተማሪነት ስም አልጋን በራሱ አያስከትልም።

ቀበሌ የሚጽፈው ደብዳቤ

የቀበሌ ሠራተኛ ወይም የወረዳ ሹም ስለ ማደሪያ ጉዳይ የሚጽፋቸው ደብዳቤዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ተማሪውና ወላጆቹ የት እንደሚኖሩ የሚገልጽ የነዋሪነት ማስረጃ ነው። ሁለተኛው ቤተ ሰቡ ተማሪውን ለመርዳት አቅም እንደሌለው የሚመሰክር ደብዳቤ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ለችግረኛ ተማሪ የጽሕፈት መሣሪያ፣ ልብስ ወይም ጥቂት የገንዘብ ርዳታ ሲያድሉም በዚሁ ደብዳቤ ይመራሉ።

በመቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ የተማሪውን ቤት አይቶ አያውቅም። የሚያየው ማኅተምና ፊርማ ብቻ ነው። ስለዚህ የቀበሌው ሹም በውነቱ የዩኒቨርሲቲው ዓይን ሆኖ ይሠራል ማለት ይቻላል።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ተማሪዎች እንበል። የአንደኛው ወላጆች ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ ሱቅ አላቸው፤ ልጃቸው ግን ከጓደኞቹ ጋር በግቢ ማደር ስለ ወደደ፤ በገጠር ካለች ቀበሌ «ወላጆቹ በዚህ ይኖራሉ» የሚል ደብዳቤ ተጻፈለት። ሁለተኛዋ ከሁለት ቀን መንገድ የመጣች የገበሬ ልጅ ናት፤ ደብዳቤዋ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን በአውቶቡስ መቋረጥ ምክንያት አንድ ቀን ዘግይታ ደረሰች። የቀረው አልጋ አንድ ቢሆን፤ በወረቀቱ ፊት ሁለቱ እኩል ናቸው፤ በቀኑ ደግሞ እርሱ ይቀድማል። እርስዋ በከተማ ክፍል ተከራይታ፣ ኪራዩን ለመክፈል አባቷ ጥጃ ሸጦ፣ ማታ ከቤተ መጻሕፍት በጨለማ እየተመለሰች ትማራለች፤ ወይም ትምህርቱን ትታ ትመለሳለች። ደብዳቤውን የጻፈው ሹም ይህችን ልጅ አያውቃትም፤ ክፋትም አላሰበም፤ ለጎረቤቱ ልጅ ውለታ የዋለ መስሎት ነው። ይሁን እንጂ ውለታው የተከፈለው በማያውቃት ልጅ ገንዘብ ነው።

ሐሰተኛ ማስረጃ መስጠትና በሐሰተኛ ማስረጃ መገልገል በወንጀል ሕግ የሚያስጠይቁ መሆናቸው የታወቀ ነው። ከቅጣቱ በፊት ግን የሚመጣ ሌላ ጉዳት አለ። አንድ ቀበሌ በየሰዉ ደብዳቤ የሚያድል መሆኑ ከታወቀ፤ ከዚያ ቀበሌ የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ መታመን ያቆማል፤ እውነተኛው ችግረኛም ከሐሰተኛው ጋር አብሮ ይወድቃል።

ስለዚህ ለሚጽፈው ሹም አራት ነገሮች ይጠቅሙታል። ደብዳቤው በጥቅሉ «ችግረኛ ነው» ከሚል ይልቅ የሚታየውን ነገር ይግለጽ፤ ይኸውም ወላጅ በሕይወት መኖሩን ወይም መሞቱን፣ መተዳደሪያው ምን እንደ ሆነ፣ በቤቱ ስንት ሰው እንደሚኖር ይናገር። ከመዝገቡ ጋር የተመሳከረ፣ ቀንና ቁጥር ያለው ይሁን። ቅጂው በፋይል ይቀመጥ። የተማሪው ስም ከነአባቱና ከነአያቱ በፈተና ሰርተፊኬቱ ላይ እንዳለው ሆኖ ይጻፍ፤ «ገብረ» እና «ገ/» ተብሎ የተለያየ አጻጻፍ ብዙ ተማሪ በመመዝገቢያው መስኮት አስቁሟልና።

ተማሪው ይዞ የሚሄደው

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፤ መሰናዶው ከጥሪው ቀን በፊት መሆን አለበት። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በጥሪ ማስታወቂያቸው ላይ የሚጠይቁት የሚከተለውን ነው፤ የ12ኛ ክፍል ውጤት ማስረጃ ዋናውና ቅጂው፣ ከዚያ በታች ያሉ የትምህርት ማስረጃዎች፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ መታወቂያ፣ እንዲሁም ብርድ ልብስ፣ አንሶላና የትራስ ልብስ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥርም እየተጠየቀ ስለ ሆነ፤ ያልተመዘገበ ልጅ በቀበሌው አካባቢ ባለው ጣቢያ አስቀድሞ ቢመዘገብ ይሻለዋል። አልጋና ፍራሽ የግቢው ነው፤ መሸፈኛው ግን የተማሪው ነው።

ተማሪው ሲገባ የሕንጻው፣ የክፍሉና የአልጋው ቁጥር ይነገረዋል። ክፍል በራስ ምርጫ አይያዝም፤ በትምህርት ክፍልና በስም ተራ መመደብ የተለመደ ነው። ስለዚህ ተማሪው ቋንቋውንም ሆነ ሃይማኖቱን ከማይጋራው ልጅ ጋር በአንድ ተደራራቢ አልጋ፣ አንዱ በላይ አንዱ በታች ሆነው ሊያድሩ ይችላሉ። አንዳንድ ወላጅ ይህን በስጋት ያየዋል፤ በ2012 ዓ.ም. በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪዎች መካከል ግጭት ተነሥቶ ሕይወት የጠፋበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሁሉ ስጋቱን አይንቀውም። ነገር ግን ከጓደኛ ጋር ለመሆን ብሎ አልጋ መለዋወጥ ለዚህ መድኃኒት አይሆንም። ክፍል መለወጥ የፈለገ ተማሪ፤ የማደሪያውን ሥርዓት ለሚጠብቀው ፕሮክተር አመልክቶ በፈቃድ ብቻ ይለውጣል።

የአልጋ ቁጥር፣ የቁልፍና የፍራሽ ርክክብ በቅጽ ይፈረማል። ይህም ቅጽ ተማሪው ሲወጣ ይታያል፤ የጠፋ ወይም የተሰበረ ነገር ቢኖር ሳይከፍል ክሊራንስ አያገኝም፤ ክሊራንስ ያላገኘም ሰነዱን አይወስድም።

ለሴት ተማሪዎችና ለአካል ጉዳተኞች

የወንዶችና የሴቶች ማደሪያ የተለያየ ነው። ሁሉን ማሳደር በማይቻልበት ጊዜ ሴት ተማሪዎች እንዲቀድሙ ማድረግ የሚደገፍ አሠራር ነው፤ በከተማ ተከራይታ የምትኖር ልጃገረድ የሚያጋጥማት አደጋ ከወንዱ ስለሚበዛ ነው። ወላጆችም ልጃቸው አልጋ አጣች በተባለ ጊዜ፤ ቤት ለመከራየት ከመቸኮላቸው በፊት በተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ጉዳይዋን ማስመዝገብ ይገባቸዋል።

ማየት ለተሳነው፣ ለመራመድ ለሚቸገር ወይም ሌላ የአካል ጉዳት ላለበት ተማሪ፤ ግቢው በተቻለ መጠን እንዲመቸው ማድረግ ከዩኒቨርሲቲዎች የሚጠበቅ ግዴታ ነው። የምድር ቤት ክፍል መጠየቅ ልመና አይደለም። ሆኖም ካልተናገረ አይታወቅለትም፤ ስለዚህ የሐኪም ማስረጃውን ይዞ በምዝገባው ዕለት ማመልከት አለበት።

አልጋው የሚታጣበት መንገድ

ብዙ ተማሪ አልጋውን የሚያጣው በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ ነው። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች እነዚህ ናቸው። በጥሪው ቀን ያልቀረበና ምክንያቱን በማስረጃ ያላስረዳ፣ የምዝገባ መብቱንም አልጋውንም አብሮ ሊያጣ ይችላል። ታሞ የዘገየ የሐኪም ወረቀት ይዞ መቅረብ አለበት፤ በቃል ብቻ መናገር አይጠቅመውም። ትምህርቱን ያቋረጠ ተማሪ ሕጋዊ የማቋረጫ ቅጽ ሳይሞላ ወደ አገሩ ቢሄድ፤ በተመለሰ ጊዜ እንደ ጠፋ ተቆጥሮ ይገኛል። በውጤት የተሰናበተ ሰው ከጓደኞቹ ጋር ተደብቆ ቢያድር እርሱም ያሳደሩትም ይቀጣሉ። አልጋን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ወይም ማከራየት፣ እንግዳ ማሳደር፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ማስገባት፣ በማደሪያ ክፍል መጠጥ፣ ሲጋራና ጫት መጠቀም፤ ሁሉም በግቢዎቹ መመሪያ የተከለከሉ ናቸው።

ደግሞም አልጋው የዩኒቨርሲቲው እንጂ የተማሪው አለመሆኑ አይዘንጋ። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገር በገባ ጊዜ ተማሪዎች ወደየቤታቸው እንዲሄዱ ተደርጎ፤ በልዩ ልዩ ግቢዎች የነበሩት ማደሪያዎች ለለይቶ ማቆያነት ውለዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፤ ነባሮቹ ተማሪዎች ክፍሉን ለቀው ተፈታኞች እንዲያድሩበት ተደርጓል። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ስለ ነበሩ፤ በብዙ ግቢ የአዲስ ገቢዎች ቁጥር እጅግ ቀነሰ፤ ውጤታቸውን የሚያሻሽሉ የአቅም ማሻሻያ ተማሪዎችም መግባት ጀመሩ። እንግዲህ የአልጋው ጥበትና ስፋት ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። አንድ ዓመት ለሁሉ በቃ ማለት ሁልጊዜ ይበቃል ማለት አይደለም።

በየወረዳው ሊደረግ የሚገባው

ከዚህ በላይ የተገለጸው ሁሉ በአንድ ትንሽ ከተማ ጽሕፈት ቤት ሊረዳ የሚችል ነው። የጥሪ ማስታወቂያው ሲወጣ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ከሩቅ ገጠር ለሚመጡ ወላጆች ቢነበብላቸው፣ የደብዳቤ ጠያቂዎችም ከጥሪው ቀን አስቀድመው ተራ ቢሰጣቸው፤ በመጨረሻው ቀን ከሚደርሰው ግፊያና ከችኮላ ፊርማ ይዳናል። ከወረዳው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ነባር ተማሪዎች በክረምት ወደ አገራቸው ሲመለሱ፤ አዲሶቹን ሰብስበው የውሉን ቅጽ እንዴት እንደሚሞሉ ቢያሳዩአቸው ከብዙ ማስታወቂያ ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ግን ብዕር የያዘው እጅ ይጠንቀቅ። ወላጅ ለልጁ የሚያስብ በመሆኑ ቢለምን አይነቀፍም፤ የሹሙ ሥራ ግን ፊቱ የቆመውን ሰው ብቻ ሳይሆን፣ በዚያው ሰዓት በሌላ ወረዳ ከአባቷ ጋር የአውቶቡስ ተራ የምትጠብቀውን የማያውቃትን ልጅም ማሰብ ነው።